ፋቪኮን፦ የገጽ መለያ

ፋቪኮን ማለት ድረ ገጽ ስንከፍት በብሮውዘሩ ታብ ላይ፣ ከገጹ ስም ጎን ብቅ የምትለው ትንሽ ካሬ ሥዕል ናት። ታቦቹ በዝተው ስሞቹ ሲቆራረጡ ገጹ የማን እንደሆነ የምትናገረው እሷ ብቻ ትሆናለች። ገጹን በዕልባት ብናስቀምጠው ወይም በስልካችን የፊት ገጽ ላይ ብናወጣው አብራው ትሄዳለች። ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በስልክ ጉግል ላይ አንድ ነገር ስንፈልግ ከየውጤቱ አናት ላይ እናያታለን።

ስሟ የመጣው ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ ተወዳጅ ከሚለው «ፌቨሪት» እና ምልክት ከሚለው «አይከን»። ማይክሮሶፍት በ1999 እ.ኤ.አ. ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5ን ሲያወጣ ተጠቃሚው የወደደውን ገጽ «ፌቨሪትስ» በተባለው ዝርዝር ውስጥ ያስገባ ነበር። በዚህ ጊዜ ብሮውዘሩ ከድረ ገጹ ላይ «ፋቪኮን ዶት አይኮ» የተባለ ፋይል ፈልጎ ሥዕሉን ከስሙ ጎን ይለጥፍ ነበር። ሥዕሉ 16 በ16 ፒክሰል ነበር፤ በድምሩ 256 ነጥብ። ዛሬ ስክሪኑ ቢሻሻልም ታብ ላይ ዓይን የሚያየው ስፋት ያው ነው።

በአማርኛ ምን እንበላት? ክሮም በአማርኛ ሲከፈት ታቡን «ትር»፣ ቡክማርኩን «ዕልባት»፣ አይከኑን «አዶ» ይላል። በዚህ መንገድ «የዕልባት አዶ» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን «አዶ» ለብዙ ሰው ገና እንግዳ ነው፤ ዕልባትም ከሥዕሏ ሥራዎች አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ «የገጽ መለያ» እንላታለን። የሀዲያ ሆሳዕና ተጫዋች ከሜዳው ማዶ ፊቱ ሳይታይ የሚታወቀው በመለያው እንደሆነ ሁሉ፣ ድረ ገጽም ስሙ ሳይነበብ እንዲታወቅ ነው መለያ የሚያስፈልገው።

መለያ ግን ማኅተም አይደለችም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ ሲያሠሩ የሚሰጡት ሥዕል ክቡን ማኅተማቸውን ነው። ዙሪያውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስም አለበት፤ መሃሉ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ፣ ችቦ፣ ጥርስ ያለው ጎማና የእህል ዘለላ ተደርድሯል። ደብዳቤ ላይ ሲያርፍ ይሄ ሁሉ ይነበባል። 16 ፒክሰል ላይ ሲወርድስ? የክቡ ዙሪያ 50 ፒክሰል ገደማ ነው፤ 30 ፊደል ቢጻፍበት ለአንዱ ሁለት ፒክሰል እንኳ አይደርሰውም። ውጤቱ ግራጫ ክብ ነው፤ የጎረቤት መሥሪያ ቤትም ማኅተሙን ቢያሳንስ ያው ግራጫ ክብ ይወጣዋል። የመጀመሪያው ደንብ ከዚህ ይመጣል፦ ጥሩ መለያ ከትልቁ አርማ ተቀንሳ አትገኝም፤ ከአርማው አንድ ነገር ተመርጦ ለትንሹ ቦታ እንደገና ትሣላለች።

ያ አንድ ነገር ምን ይሁን? ቀድሞ የሚታሰበው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ነው። ጉግል በ«ጂ»፣ ፌስቡክ በ«ኤፍ»፣ ዊኪፔዲያ በ«ደብልዩ» ይታወቃሉ። እኛ አካባቢ ግን ፊደል ብቻውን ሁልጊዜ አያዋጣም። ከሀላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሾኔ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የሚያማርጥ ተማሪ ታቦቹን ከፍቶ ተቀምጧል እንበል። ሆሳዕና ያለው ዋቸሞ፣ ከዚያ ወላይታ ሶዶ፣ ወራቤ፣ ወልቂጤ፤ ራቅ ካለም ወሎ፣ ወልድያና ወለጋ አሉ። ሁሉም በ«ወ» ወይም በ«ዋ» ይጀምራሉ፤ በእንግሊዝኛም ሁሉም «ደብልዩ» ናቸው። ሁለተኛው ደንብ እንግዲህ ይህ ነው፦ መለያዋ የምትመዘነው ለብቻዋ ሳይሆን አብረዋት ከሚከፈቱት ገጾች አጠገብ ተቀምጣ ነው።

ፊደሉ ካዋጣ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የራሱ ፈተና አለው። እዚያው ሾኔ ውስጥ አንድ ሆቴል «ሾ»ን መለያው ሊያደርግ ፈለገ እንበል። «ሾ» ከ«ሸ» የሚለየው በግራ እግሩ መርዘም ነው፤ ቀኝ እግሩ ቢረዝም «ሻ» ይሆናል። አናቱ ላይ ያለው አግድም መስመር ቢጠፋ ደግሞ «ሶ» ነው። ከተለመደ ፎንት ላይ ተወስዶ ዝም ብሎ ከተቀነሰ የእግሮቹ ልዩነት ወደ አንድ ነጥብ ይወርዳል፤ መስመሩም ይሳሳል። ስለዚህ ሠዓሊው እጁን ማስገባት አለበት። ከላይና ከታች አንድ አንድ ነጥብ ተትቶ 14 ይቀራል። የአናቱ መስመር ሁለት ነጥብ ይወፍር፤ ቀኝ እግሩ ከግራው አራት ነጥብ ይጠር። ክፈፍ፣ ጥላ፣ ኮከብ፣ «ሆቴል» የሚል ጽሑፍ አያስፈልግም። መጽሐፍ ላይ ቢታተም የተጋነነ የሚመስለው ይህ «ሾ» ታብ ላይ በትክክል ይነበባል።

በስም ፈንታ አካባቢው ራሱ ምልክት የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። በከምባታ የሃምበሪቾ ተራራ መውጫ 777 ደረጃ ስላለው መዳረሻው «ሃምበሪቾ 777» ተብሎ ይጠራል። ለዚህ ቦታ መለያ ቢሣል ብዙው ሰው ተራራ ይሥላል፤ ሦስት ማዕዘን ግን የየትኛውም ተራራ ነው። ቁጥሩ ግን የእሱ ብቻ ነው፤ ልኩም ይገጥማል። አንዱ 7 አራት ፒክሰል ቢወስድና በመሃላቸው አንድ አንድ ቢተው ሦስቱ 14 ይሞላሉ፤ ለግራና ለቀኝ ጠርዝ አንድ አንድ ይተርፋል። እንሰትም በሀዲያና በከምባታ በየጓሮው ያለ ውብ ቅርጽ ነው፤ ነገር ግን የሁሉም ስለሆነ አንዱን ነጋዴ ከሌላው አይለይም።

ቀለም ከቅርጽ ቀድሞ ዓይን ውስጥ ይገባል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ብዙ ሰው ጽሑፉን ሳያነብ በሐምራዊ ቀለሙ ያውቀዋል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን በአንድ ላይ መጠቀም ግን አያዋጣም፤ ቀለሞቹን የሚጋራው ብዙ ነው፣ ለእያንዳንዱም አምስት ፒክሰል ያህል ብቻ ይደርሰዋል። አንድ ዋና ቀለም ከአንድ ተቃራኒ ጋር ይበቃል። ብሮውዘሩ በነጭም በጥቁርም ገጽታ ስለሚከፈት ሁለቱም ላይ መሞከር አለበት፤ ጥቁር ፊደል ያለ መደብ ከተሣለ በጨለማው ገጽታ ላይ አይታይም።

ለድረ ገጹ ሠሪ የሚሰጠው ፋይል አንድ ብቻ አይሁን። ለታብ 16፣ 32 እና 48 ፒክሰል፣ ለአይፎን 180፣ ለአንድሮይድ 192 እና 512 ይዘጋጃል። ጉግል መለያዋ ካሬ እንድትሆን ይጠይቃል፤ ከ48 በ48 እንድትበልጥም ይመክራል። ድረ ገጽ የሌለው ነጋዴ የቴሌግራም ቻናል ካለው ደንቡ ያው ነው፤ እዚያ ሥዕሉ በክብ ስለሚቆረጥ ማዕዘኖቹ ላይ ምንም አይቀመጥ። ከዚያ በኋላ መለያዋን ቶሎ ቶሎ መለወጥ አይገባም፤ ብሮውዘሮች አሮጌውን ሥዕል አስቀምጠው ይቆያሉ፣ የደንበኛም ዓይን እንዲሁ።

የተሣለችውን ለመፈተን አሥር ታብ ከፍቶ የእኛን መሃል ላይ ማስገባትና አርማውን ለሚያውቅ ሰው «የኛ የቱ ነው?» ማለት ይበቃል። ካመነታ እንደገና ትሣል። ሌላ ሰው ሊቀዳት እንደሚችል ግን መዘንጋት የለበትም። ድሮ መለያዋ በአድራሻው ሳጥን ውስጥ ትታይ ስለነበር አጭበርባሪዎች የቁልፍ ሥዕል አድርገው ገጹን አስተማማኝ ያስመስሉት ነበር። ፋየርፎክስ በ2012 እ.ኤ.አ. ከዚያ ያነሳት ለዚሁ ነው። የባንክን ወይም የቴሌብርን መለያ ቀድቶ የሐሰት ገጽ ላይ መለጠፍ ዛሬም ቀላል ስለሆነ፣ የሚስጥር ቁጥር ከማስገባት በፊት መነበብ ያለበት አድራሻው ነው።