ዜና ሕንጸታ ለስታንፎርድ

ለጀማሪ ኃይልን፥ ለፈጻሚ ዕረፍትን የሚሰጥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፥ በካሊፎርኒያ ምድር ስለምትገኘው ስለ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ስለ አተካከሏና ስላጸናቻት እናት፥ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሊገቡባት ለሚሹ ወጣቶች እንጽፋለን፤ ዘመኑንም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንቈጥራለን።

የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ የነበሩት ባለጸጋው ሌላንድ ስታንፎርድና ባለቤታቸው እመቤት ጄን በጋብቻ 18 ዓመት ያህል ያለ ልጅ ከኖሩ በኋላ፥ በ1868 አንድ ወንድ ልጅ ተሰጣቸው፤ በአባቱም ስም ሌላንድ ተባለ። በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ ምሥራቅና ምዕራብ በባቡር ሐዲድ ሲጋጠሙ፥ የማጋጠሚያውን የወርቅ ምስማር የመቱት አባቱ ነበሩ። ብላቴናው ግን ከወላጆቹ ጋራ በኢጣልያ ሳለ፥ በፍሎሬንስ ከተማ በታይፎይድ ታሞ፥ ማርች 13 ቀን 1884፥ 16 ዓመት ሊሞላው 2 ወር ሲቀረው ዐረፈ። ወላጆቹም ለእርሱ ያኖሩትን ሀብት ለካሊፎርኒያ ልጆች ሊያወርሱ ተስማሙ፤ ተዝካሩንም በትምህርት አወጡለት።

ኖቬምበር 11 ቀን 1885 የዩኒቨርሲቲዋ የርስት መስጫ ደብዳቤ ተጻፈ፤ በፓሎ አልቶ ያለው መሬትም ለዘላለም እንዳይሸጥ ተደነገገ፤ ዛሬ ግቢው 8,180 ኤከር፥ በጋሻ ቢለካ ከ80 ጋሻ የሚበልጥ ነው። የመሠረቱ ድንጋይ ሜይ 14 ቀን 1887፥ በልጁ የልደት ቀን ተቀመጠ። ኦክቶበር 1 ቀን 1891 በሩ ሲከፈት፥ ወንድና ሴት ሳትለይ፥ የሃይማኖት ወገን ሳትጠይቅ፥ የትምህርትም ዋጋ ሳታስከፍል ተማሪዎቿን ተቀበለች፤ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ከእነዚያ በኵራት አንዱ ነበር።

በጁን 1893 አቶ ሌላንድ ዐረፉ። ያን ጊዜ ውርሱ በዳኝነት ታገደ፤ መንግሥትም ለባቡሩ ካበደረው ገንዘብ የሟቹ ድርሻ ነው ብሎ 15 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ። ቤተ ትምህርቷን ዝጉ የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ቢመጣ፥ እመቤት ጄን የልጃቸውን ስም ሁለተኛ አልቀብርም ያሉ ያህል እንቢ አሉ። ዳኛው ለቤታቸው ወጪ በወር 10,000 ዶላር ቢፈቅድላቸው፥ መምህራኑን ከቤታቸው አገልጋዮች ጋራ አስቈጥረው፥ የራሳቸውን ማዕድና አጀብ ቀንሰው፥ ደመወዙን ከዚያው ከፈሉ። ባሏ የሞተባት፥ ልጇ የሞተባት ሴት መንግሥትን ተቋቁማ ቤተ ትምህርትን ስታጸና ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! በማርች 1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በ1897 ዕንቋቸውን ሊሸጡ እስከ ሎንዶን ተሻገሩ፤ ዋጋው ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ያ ዕንቍ ከሞታቸው በኋላ ተሽጦ ለቤተ መጻሕፍቱ ቋሚ ገንዘብ ሆነ፤ እስከ ዛሬም መጽሐፍ ይገዛበታል።

በ1899 እመቤት ጄን ሴቶች ተማሪዎች ከ500 እንዳይበልጡ አዘዙ፤ ይህ ወሰን እስከ 1933 ቈየ። በ1900 አንድ መምህር በእመቤቲቱ ትእዛዝ ተሰናበተ፥ ሌሎችም ተከትለውት ወጡ። በ1903 ለባላቸው መታሰቢያ ያሠሩት፥ ሥዕሉ በቬኒስ ጠቢባን የተለበጠው ቤተ ክርስቲያን ተባረከ። በፌብሩዋሪ 1905 በሆኖሉሉ ዐረፉ፤ ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተብሏል፥ ነፍሳቸውን ይማር። በግቢው ውስጥ ከባላቸውና ከልጃቸው ጋራ በአንድ መቃብር ቤት ያርፋሉ። በ1906 የምድር መናወጥ ብዙ ሕንጻ ጣለ፤ ቤተ ትምህርቷ ግን ቆመች።

ከ1920 ጀምሮ ትምህርቱ በዋጋ ሆነ። በ1939 ሂውሌትና ፓካርድ የተባሉ ሁለት ተማሪዎቿ፥ በመምህራቸው በፍሬድ ተርማን አበረታችነት፥ በፓሎ አልቶ በአንድ ጋራዥ ሥራ ጀመሩ፤ ዛሬ ሲሊኮን ቫሊ የሚባለው ብልጽግና ከእንዲህ ያለው ዘር በቀለ።

አሁን ለመግባት የምትሹ ይህን ዕወቁ። ከ100 አመልካች የሚገባው 4 ያህል ነው። የገባው ግን አራቱን ዓመት በግቢው የመኖር መብት አለው፤ ዋና ትምህርቱንም እስከ ሁለተኛው ዓመት ፍጻሜ መርምሮ ይመርጣል። በ1921 ተማሪዎች ባወጡት የክብር ደንብ ፈተና ያለ ጠባቂ ሲሰጥ ከ100 ዓመት በላይ ኖረ፤ በቅርቡ ግን ጠባቂ ገብቷል። የቤተ ሰቡ ገቢ በዓመት ከ100,000 ዶላር በታች፥ ሀብቱም መጠነኛ የሆነ ተማሪ ለትምህርት፥ ለመኝታና ለምግብ ቤተ ሰቡ እንዲከፍል አይጠየቅም፤ በዚህ የእመቤቲቱ የቀድሞ ፈቃድ በከፊል ተመልሷል። ከውጭ አገር የሚያመለክት ግን ርዳታ መሻቱ በቅበላው ላይ ይታሰብበታል፥ ይህም ጸሐፊውን ያሳዝነዋል፤ ቢሆንም ርዳታ የሚያስፈልገው ከማመልከቻው ጋራ አብሮ ይጠይቅ፥ ከገባ በኋላ ቢጠይቅ አይሰጠውምና።