ምግብን በፀሐይ ማድረቅ በላንጋኖና በአካባቢው

ምግብን በፀሐይ ማድረቅ በሙቀትና በነፋስ የምግብን ውሃ አውጥቶ ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳይራቡበት የማድረግ ዘዴ ነው። ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ብቅልና ዛላ በርበሬ የዚህ የቆየ ሙያ ውጤቶች ናቸው።

ላንጋኖ ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የአካባቢው በጋ ረጅምና ደረቅ ነው። በመቂና በባቱ (ዝዋይ) ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ቲማቲም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋውም ይወድቃል፤ ቲማቲም ደግሞ ቀን አይሰጥም። ከሐይቆቹ የሚወጡት ቆሮሶና አምባዛም ያለ በረዶ በዚያ ሙቀት አይሰነብቱም።

በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ማስጣት ወጪ የለውም። ይሁንና አቧራ፣ ዝንብና ድንገተኛ ካፊያ ያበላሹታል። ቀስ ብሎ የደረቀ በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

የፀሐይ ማድረቂያ ሣጥን ይህን ጉዳት ይቀንሳል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ሙቀቱን ይስባል፤ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ክዳኑ ያቆየዋል፤ ከታች የገባው አየር በወንፊት መደርደሪያዎቹ መካከል አልፎ እርጥበቱን ይዞ በላይ ይወጣል። ለአትክልትና ፍራፍሬ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይስማማል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ውጩ ይጠጥርና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ለማኅበራት የሚሆን ትልቅ ዓይነትም አለ፤ በጀርመን የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ የሠራው ዋሻ መሰል ማድረቂያ 18 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ አየሩን የሚገፋው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማራገቢያ ነው።

ቲማቲም 94 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ ግራም ቲማቲም እርጥበቱ 12 በመቶ እስኪደርስ ሲደርቅ 7 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ለመጫንም ለማከማቸትም ይቀላል። ሥጋው ጠንከር ያለ ዝርያ ለዚህ ይመረጣል፤ በአዳማ አቅራቢያ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው መካከል መልካ ሳልሳና መልካ ሾላ ለማቀነባበር የታሰቡ ናቸው።

በክረምት ደመናና እርጥበት ሥራው ይጓተታል። ገበያም ወጥ የእርጥበት መጠንና አየር የማያስገባ ማሸጊያ ይጠይቃል። በመሆኑም አንድ ማድረቂያ ለሚጋሩ ቤተሰቦች የሚያዋጣው በበጋ የተረፈውን አድርቀው የክረምት ወጣቸውን መሸፈን፣ ከዚያ የሚተርፈውን መሸጥ ነው።