ስሙ የቀረው ወይን

አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ መክፈል ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከልጅነቱ የሚያውቀው ነገር ነው። «ወይና ደጋ» በሚለው ስያሜ ውስጥ ያለውን «ወይን» ቆም ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው ለዘብተኛ አየር የተላበሰ ምድር ስሙን ያገኘው ከጤፍ ወይም ከገብስ ሳይሆን ከወይን ነው። ስሙን ያወጣው ሕዝብ ተክሉን ያውቀው ነበርና።

ለዚህ ደቡብ ጎንደር ምስክር ነው። ከደጋይቱ ከተማ ከደብረ ታቦር ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደን ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ስንጓዝ ይፋግን እናገኛለን። ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የገበያ ሥፍራና የወይን አገር እንደ ነበረች በዚያ ያለፉ የአውሮፓ ተጓዦች ጽፈዋል። በ1535 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስና ኢማም አሕመድ የተፋለሙበት፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው የጦር ሜዳም በታሪክ የሚጠራው «ወይና ደጋ» በሚል ስም ነው።

ይሁን እንጂ ወይን ጠጅ የሁሉ መጠጥ አልነበረም። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከወይን ፍሬ በግልጽ የሚጠመቀው በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደ ነበር ጽፏል። የቅዳሴውንም ወይን አሠራር ሲገልጽ፣ ዘቢቡ ዐሥር ቀን በውሃ ተዘፍዝፎ ካበጠ በኋላ ጠፈፍ ብሎ ተደቁሶ በጨርቅ ይጨመቃል ይላል።

እኔም በልጅነቴ ደብረ ታቦር ውስጥ በድቁና ሳገለግል በቤተ ልሔም ዘቢብ ጨምቄአለሁ። ዘቢቡ ከነጋዴ ሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር። ከየት እንደ በቀለ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ጥያቄው የተነሣብኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የሦስት ዓመታት ቀይ ወይን ጠጅ ተራ በተራ ሲቀዳልኝ ነው። የመጨረሻው ዓመት ለቀማ ምላስ ያኮማትራል፤ የመካከለኛው ለስልሷል፤ የመጀመሪያው ቀለሙ ወደ ሸክላ መልክ አዘንብሎ የደረቀ ፍሬ ይሸታል። ቀጂው ሽማግሌ ሁለተኛውን ብርጭቆ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ያን ዓመት ዝናቡ በለቀማ ላይ ደርሶብን ነበር» አሉኝ። የዝናቡ ታሪክ በጠርሙስ ውስጥ ተከቶ ኖሯል! የቤተ ልሔሙ ወይን ጧት ተጨምቆ ጧት የሚቀርብ ነውና ዓመት የለውም፤ ሥርዓቱም ይኸው ነው። የይፋግ ወይን ግን ዓመታቱን ይዞ ጠፋ።

ወይን በአገራችን ፈጽሞ አልሞተም። ጉደር ስሙን ለቀይ ወይን ጠጅ ሰጥቷል፤ በዝዋይ ዳርቻም መርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን የተባሉት የፈረንሳይ ዝርያዎች በዚህ ክፍለ ዘመን ተተክለው ፍሬ ሰጥተዋል። በሽታን መፍራትም ምክንያት አይሆንም። ፊሎክሴራ የተባለው ሥር በል ነፍሳት ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፈረንሳይን ወይን ሲፈጅ፣ ገበሬዎችና ሊቃውንት ጠንካራውን የአሜሪካ ወይን ከአውሮፓው ጋር አዳቅለው፣ ወይም የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ግንድ ላይ ከትበው ተቋቁመውታል። የፎገራ ገበሬም ቢሆን እንግዳ ተክል አይፈራም፤ አባቶቹ ያላወቁትን ሩዝ ተቀብሎ ሜዳውን ስመ ጥር አድርጎበታል።

በደቡብ ጎንደር የጥንቱ አገር በቀል ዛፍ የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ወይራውንና ጽዱን ከምሳር ያዳነው ያ ቅጥር፣ አየሩ በሚስማማበት በይፋግ አካባቢ፣ ለአንድ የወይን ሐረግስ መጠጊያ ቢሆን ምን ይገደዋል? ያን ጊዜ ዲያቆኑ ዘቢቡ ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ በጣቱ ያሳያል።