ነዋሪነት መቼ ዜግነት ይሆናል? የዜግነት ሕጋችንና የሻሸመኔ ሰፋሪዎች



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ አንድ የውጭ አገር ሰው ስንት ዓመት ቢኖር፣ ምን ቢያሟላ ኢትዮጵያዊ ይሆናል? የሕግ ባልደረቦቼ አንቀጽ ጠቅሰው ሊመልሱልን ይችላሉ። እኔ ግን አንቀጾቹን እንደ ታሪክ ሰነድ አነባቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ዘመን አገሪቱን እንዴት ይመለከታት እንደ ነበር በውስጣቸው ተጽፎ ይገኛልና።

ከንግሥት ዘውዲቱ ዕረፍት በኋላ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ከመድረሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ወጣ። ሕጉ መሠረቱን በትውልድ ላይ አቆመ፤ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ነው። ከውጭ መጥቶ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ አምስት መመዘኛዎችን አስቀመጠ፤ አካለ መጠን መድረስ፣ ቢያንስ 5 ዓመት በኢትዮጵያ መኖር፣ ራሱንና ቤተ ሰቡን ማስተዳደር መቻል፣ አማርኛን አጥርቶ መናገርና መጻፍ፣ እንዲሁም በወንጀል ያልተቀጣ መሆን። በ1926 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ለአገር ይጠቅማል ተብሎ የታመነበት ሰው የዓመቱንና የቋንቋውን መመዘኛ ባያሟላም ዜግነት እንዲሰጠው ፈቀደ። ባለሙያ ትሻ ለነበረች አገር ይህ በር አስፈላጊ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 378/1996 ይህን ሕግ ሲተካ ሰባ ሦስት ዓመታት አልፈው ነበር። የመኖሪያው ዘመን ወደ 4 ዓመት ዝቅ አለ። አመልካቹ ከብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ከቻለ በቂ ሆነ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አሻራ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። በአንጻሩ አመልካቹ የቀድሞ ዜግነቱን መተዉን ወይም መተው መቻሉን፣ አለዚያም አገር አልባ መሆኑን ማስረዳት አለበት። በትውልድ ላይ የቆመው መሠረት ግን አልተነቃነቀም። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ ምድር መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም።

የዚህን መሠረት ክብደት ለመረዳት ወደ ሻሸመኔ እንሂድ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ኢትዮጵያን ለደገፉ በምዕራቡ ዓለም ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ምስጋና እንዲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ አጠገብ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ዓ.ም. ጀማይካን ከጎበኙ በኋላ በርካታ ራስ ተፈሪያውያን መጥተው ሰፈሩ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ይዞታቸው ጠበበ፤ ብዙዎቹ ግን አልሄዱም። ቤት ሠሩ፣ ልጆች ወለዱ፤ ከተማው ሰፈራቸውን ጀማይካ ሰፈር አለው። ኢትዮጵያዊ ወላጅ ያለው ልጅ በሕጉ መሠረት ዜጋ ሆነ። ሁለቱም ወላጆቹ የውጭ ዜጎች የሆኑበት ልጅ ግን በተወለደበት አገር የውጭ ዜጋ ሆኖ አደገ።

በእኔ አመለካከት ችግሩ ያለው በሁለት የታሪክ አቈጣጠሮች መካከል ነው። ሰፋሪዎቹ ራሳቸውን ወደ አባቶቻቸው ምድር እንደ ተመለሱ ሰዎች ያያሉ። ሕጉ ደግሞ አዲስ መጤ አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ የአገሩን ፓስፖርት አምጣ፣ ዜግነትህን ተው ይላቸዋል። የትውልደ ኢትዮጵያውያንን መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 270/1994 እንኳ ከዜጋ መወለድን የሚቈጥረው እስከ ቅድመ አያት ድረስ ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን የተወለደ የኢትዮጵያዊ የልጅ ልጅ፣ አገሪቱን አይቷት ባያውቅም፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለማግኘት ብቁ ነው። ቅድመ አያቶቹ በባርነት ተሸጠው ውቅያኖስ የተሻገሩበት ሰው ግን በዚያ ቈጠራ ውስጥ አይገባም፤ የባሪያ ንግድ የዘር ሐረጉን መዝገብ አጥፍቶበታልና።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. መንግሥት ለራስ ተፈሪያውያን የነዋሪነት መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። መታወቂያው ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለመኖር ያስችላል፤ ይህም ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ዜግነት አይደለም፤ ባለመታወቂያው በምርጫ ድምፅ አይሰጥም።

ውድ ተማሪዎች፣ የአሜሪካንና የአውሮፓን የመኖሪያ ፈቃድ መመዘኛዎች አብዛኞቻችን ከዘመዶቻችን ሰምተን እናውቃቸዋለን፤ ዓመቱንም፣ የቋንቋ ፈተናውንም፣ የጣት አሻራውንም። ለወገኖቻችን በዚያ የምንመኘውን ፍትሕ በሻሸመኔ ለተወለደው ልጅ ስንመዝንለት ምን እንላለን? አንድን ሰው የዚህ አገር የሚያደርገው ከማን መወለዱ ነው ወይስ የት መኖሩ? የ1922ቱም የ1996ቱም ሕግ ለመጀመሪያው አደላ። ሚዛኑ እንዴት ይስተካከል የሚለውን የነገዎቹ ሕግ አውጪዎችና የታሪክ ጸሐፊዎች እናንተ እንድትመረምሩት አደራ እላለሁ።