የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመርና የወጣት ዛፎች የናይትሮጅን አጠቃቀም

በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ወጣት ዛፎች ምግባቸውን በፍጥነት ያዘጋጃሉ፤ ዕድገታቸው እስከ የት እንደሚዘልቅ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ከአፈር የሚያገኙት ናይትሮጅን ነው። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 280 ገደማ የነበረው የዚህ ጋዝ መጠን ዛሬ ከ420 አልፏል።

በቅጠል ውስጥ

ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሩቢስኮ በተባለ ኤንዛይም ነው። ይህ ፕሮቲን ከቅጠሉ ናይትሮጅን ከፍተኛውን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ነው። ሩቢስኮ አንዳንዴ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክሲጅን ይይዝና ጉልበት ያባክናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ብክነቱ ስለሚቀንስ ያው ሥራ በጥቂት ኤንዛይም ይሠራል። በዚህ ላይ ስኳርና ስታርች በቅጠሉ ይከማቻሉ። በመሆኑም በቅጠሉ ክብደት ውስጥ የናይትሮጅን ድርሻ ያንሳል፤ በአንድ ግራም ናይትሮጅን የሚገኘው ዕድገት ግን ይጨምራል። በጠባብ ማሰሮ የተተከለ ችግኝ ሥሩ መፈናፈኛ ሲያጣ ከጋዙ መጨመር የሚያገኘው ጥቅም ቶሎ ይቀንስበታል።

የሜዳ ሙከራዎች

በአሜሪካ ቴነሲ፣ ኦክ ሪጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተተከሉ የስዊትገም ዛፎች ከ1998 እስከ 2009 ድረስ በቧንቧ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቀቅላቸው ቆይቷል። ከ2001 እስከ 2003 በነበሩት ዓመታት 24 በመቶ የነበረው የምርት ጭማሪ በ2008 ወደ 9 በመቶ ወረደ። አጠገባቸው የነበሩ ዛፎች የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲያገኙ ዕድገታቸው መፋጠኑ አፈሩ የናይትሮጅን እጥረት እንዳለበት አመለከተ።

በሰሜን ካሮላይና ዱክ ደን ግን ሎብሎሊ ፓይን የተባሉት ዛፎች ጭማሪውን ለዓመታት ይዘው ዘለቁ። ሥሮቻቸው ወደ አፈር የለቀቁት ካርቦን ረቂቅ ተሕዋስያንን ስላነቃቃ፣ ብስባሹ ፈጥኖ እየፈረሰ ናይትሮጅን አቅርቦላቸዋል።

የሥር አጋሮች

ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ከሥር ጋር ተጋግዘው የሚኖሩ ፈንገሶች ናቸው። የፓይን ፈንገሶች ከብስባሽ ናይትሮጅን በማውጣት ከስዊትገም ፈንገሶች ይበልጣሉ። ብዙ የግራር ዝርያዎች ደግሞ በሥራቸው እባጭ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየር ናይትሮጅን ያገኛሉ፤ ሆኖም ፎስፈረስ ያነሰው አፈር እነሱንም ይገታል።

ስለዚህ የችግኝን የመጀመሪያ ዓመታት ዕድገት ብቻ አይቶ ደኑ ወደፊት የሚያከማቸውን ካርቦን መተመን ስሌቱን ያጋንናል፤ የአፈሩ ለምነትና የዛፉ ዝርያም አብረው መታየት አለባቸው።