ስሙ ያልተጠራ ሰሊጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ለሰው ይሁን እሺ። የወይንን፣ የቡናን፣ የሰሊጥን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ነጋዴ ያወጣው ስም ደግሞ አንዴ ከጸና በቀላሉ አይነቀልም።

የፈረንሳይን ወይን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1855 ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ወይኖች በየደረጃቸው እንዲቀርቡ አዘዘ። ደረጃውን ያወጡት ደላሎች ናቸው። መለኪያቸውም ወይኑ ለዓመታት ሲሸጥበት የኖረው ዋጋ ነበር። በውድ የተሸጠው አንደኛ፣ ከዚያ ዝቅ ያለው ሁለተኛ፣ እያሉ ቀይ ወይኖቹን በአምስት ደረጃ ደረደሯቸው። ይህ የደላላ ዝርዝር እስከ ዛሬ እንደ ሕግ ይጠቀሳል። ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ ማለት የቻለው ሻቶ ሙተን ሮትሺልድ ብቻ ነው፤ እርሱም 118 ዓመት ጠብቆ በ1973 ነው።

በዚያው በ1855፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1847 ዓ.ም.፣ የቋራው ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሠ። መሳፍንቱ «የቆላ ሽፍታ» እያሉ ሲንቁት የኖረ ሰው ነው። እርሱ ግን ሌላው ደረጃ እስኪያወጣለት አልጠበቀም፤ «ቴዎድሮስ» ብሎ ስሙን አስጠራ።

ከፈረንሳዮቹ ዝርዝር 121 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976)፣ ፓሪስ ውስጥ ሱቅ የነበረው እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር አንድ ነገር አደረገ። የፈረንሳይን ዝነኛ ወይኖችና ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸውን የካሊፎርኒያ ወይኖች ስማቸውን ሸፍኖ ለዘጠኝ ፈረንሳውያን አዋቂዎች አስቀመሰ። ውጤቱ ሲደመር ከነጩም ከቀዩም አንደኛ የወጣው ካሊፎርኒያ ሆነ። በቀዩ በኩል በስታግስ ሊፕ የተቀደመው ማን መሰላችሁ? ያ 118 ዓመት የጠበቀው ሙተን ነው!

ይህን ሁሉ የወይን ወሬ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ያመጣው የመተማ ሰሊጥ ነው።

መተማ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁት እዚያ ነው፤ የድንበሯ ከተማም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። የታሪክ መጽሐፋችን አካባቢውን በጦርነቱ መዝግቦታል። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ገበሬ ግን ከመተማ እስከ ቋራ፣ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ፣ ጥቁሩን አፈር እያረሰ ነጩን ሰሊጥ ያመርታል። ሰሊጥ ደግሞ የዋዛ እህል አይደለም። ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ከየቆባው እየተከፈተ መሬት ይቀራል። ስለዚህ በአጨዳው ወራት የቀን ሠራተኛው ከደጋ ይወርዳል፤ ወባውንና ካላዛሩን ተጋፍጦ ያጭዳል፣ ያስራል፣ ያራግፋል።

የዚህ ቆላ ዕጣ በሁለት ታላላቅ ስሞች መካከል መውደቁ ነው። በሰሜን ሁመራ አለ፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ሰፋፊ እርሻዎች ከተከፈቱበት ጀምሮ ስሙ ባሕር የተሻገረ። በምዕራብ ደግሞ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ የሱዳኑ የሰሊጥ ገበያ ገዳሪፍ አለ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ለሰሊጥ ምድብ ሲያወጣ የወለጋውን ቀላ ያለ ሰሊጥ ለብቻ፣ የሁመራንና የጎንደርን ነጣ ያለ ሰሊጥ ግን በአንድ ላይ አስቀመጠው። የእስራኤል ጣሂኒ ሠሪ «ሁመራ» ብሎ ይጠራል፤ «መተማ» የሚል አልተለመደም።

ታዲያ ይህ ጉዳት ነው ወይስ ጥቅም? ሁለቱም ነው። በታዋቂ ጎረቤት ስም መሸጥ ገበያ ያስገኛል፤ ገዢ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። ግን የተዋሱት ስም ዕዳም አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገባውን ሰሊጥ በሳልሞኔላ ምክንያት ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ቁጥጥሩ የአገሪቱን ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ሰሊጡን በሸራ ላይ አራግፎ፣ አበጥሮ፣ በንጹሕ ጆንያ የሞላው ገበሬና አፈር ላይ የወቃው እኩል ይጠረጠራሉ። ስም ከሌለ ጥንቃቄም ዋጋ የለውም።

ቡናችን ይህን አስተምሮን ነበር። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ጠየቀች። ብዙ ክርክር ተነሣ። በ1999 ዓ.ም. ግን ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት የሚቀበል ስምምነት ፈረመ። የሦስት ቦታ ስም ሀብት መሆኑን ያኔ አየን።

ለመተማም መንገዱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰሊጡን ለብቻ ማከማቸት፣ ጆንያው ላይ የበቀለበትን ቦታ መጻፍ፣ ጥራቱን ከዓመት ዓመት መመዝገብ ነው። ከዚያም እንደ ስፐሪየር ስሙን ሸፍኖ የሁመራን፣ የገዳሪፍንና የመተማን በሦስት ሳህን ለጣሂኒ ሠሪው ማቅረብ ነው። ምናልባት ሁመራ ያሸንፍ ይሆናል፤ ስሙን በከንቱ አላገኘውምና። ይህም ቢሆን ሽንፈት አይደለም። ገበሬው ምን እንደሚጎድለው ያውቃል፤ የሚጎድለው ከሌለም ዋጋውን ይጠይቃል።

ካሊፎርኒያን ለማሸነፍ ያበቃት ወይኗ ነው። ጨርቁ ሲገለጥ ግን ጠርሙሱ ላይ የራሷ ስም ተጽፎ ተገኘ። ስሟ ባይኖርበት ኖሮ ድሉ የማን ይባል ነበር? የመተማ ሰሊጥ ዛሬ ፈተና ላይ ተቀምጦ ስሙን በመልስ ወረቀቱ ላይ ያልጻፈ ተማሪ ነው። አለፈም ወደቀም ማለት አይቻልም።