የጤፍ ስምምነትና ለጄኔቲክ ሀብት ዋጋ የመተመን ጥረት

የዕፅዋት ዝርያዎች በገበያ ዋጋ ስለማይወጣላቸው የጥበቃቸው ወጪ ለረዥም ዘመን በአርሶ አደሩና በመንግሥት ጫንቃ ላይ ወድቆ ቆይቷል። ኢትዮጵያ ከሀብቱ የሚጠቀሙ የግል ኩባንያዎች ወጪውን እንዲጋሩ ለማድረግ ካካሄደቻቸው የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈረመው የጤፍ ስምምነት ነው።

ፈራሚዎቹ የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅትና ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ ነበሩ። ኩባንያው ግሉተን የሌለውን ጤፍ አልምቶ ለምግብ እንዲያውል ሲፈቀድለት፣ በምላሹ ከዘር ሽያጭ ከሚያገኘው የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ፣ ጤፍ ለሚዘራበት ለእያንዳንዱ ሄክታር በዓመት 10 ዩሮ ለመክፈል ተስማምቷል። ለአርሶ አደሩ ኑሮ መሻሻልና ለጤፍ ልማት ለሚቋቋመው ፈንድም ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ፣ ይኸውም በዓመት ከ20 ሺህ ዩሮ ሳያንስ፣ እንዲያዋጣ ግዴታ ገብቶ ነበር። ውሉ በወቅቱ ለሌሎች ታዳጊ አገሮች በአርአያነት ይጠቀስ እንደነበር ይታወሳል።

ይሁን እንጂ ኩባንያው በ2009 ሲከስር ለኢትዮጵያ የደረሳት 4 ሺህ ዩሮና ተጀምሮ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ ብቻ ነበር። የስሌቱ ዋነኛ ድክመት ክፍያው በአብዛኛው በትርፍ ላይ መመሥረቱ ነው። ዝርያውን ለዘመናት መርጦና ጠብቆ ያቆየው አርሶ አደር ድርሻ፣ ባሕር ማዶ በሚዘጋ የሒሳብ መዝገብ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከተው የፓተንት ማመልከቻ በኔዘርላንድስ የቀረበው ከስምምነቱ ቀደም ብሎ በ2003 ሲሆን፣ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም በ2007 ተመሳሳይ መብት ሰጥቷል። ከኪሳራው በኋላ ፓተንቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲዛወር የስምምነቱ ግዴታ አብሮት አልሄደም። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 የኔዘርላንድሱን ፓተንት የፈጠራ ብቃት ይጎድለዋል ሲል ውድቅ አድርጎታል፤ ጤፍ አስፈጭቶ እንጀራ ለሚጋግር ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ስምምነቱ በተፈረመ ማግስት፣ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። ሀብቱን ለመጠቀም የሚሻ ሁሉ ፈቃድ፣ በሕጉ አጠራር የአርክቦት ፈቃድ፣ ማግኘት ይኖርበታል። መንግሥት ከሀብቱ በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም 50 በመቶው የሚመለከታቸው ማኅበረሰቦች ድርሻ ነው።